አቧራና ዕድሜ

ከበረሃው አናት፣ ሴሮ ኦስኩሮ ላይ፣
ሥራዬ ክር ነበር፣ ሰማዩንም ሳላይ።
አንድ የብረት ሰሌዳ፣ ስድስት መቶ ቀዳዳ፤
በየቀዳዳው ደጅ አንድ የሩቅ እንግዳ።
ቀን የመስታወት ክር ስሰካ እውላለሁ፤
ሌሊት ብርሃን ያልፋል፣ እኔ እተኛለሁ።
ሲነጋ ሰሌዳው ለምንም አይረባ፤
አንዱ በሻንጣዬ ተሸጉጦ እቤት ገባ።
ሚስቴ እስከ ዛሬ ፓስታ ታጠልልበታለች፤
«ስንት ዓለም በወንፊት!» እያለች ትስቃለች።

ዶሚቲላ አራንሲቢያ፣ ሲመሽ፣ በሩን በክርኗ ከፍታ፣
የወንድ ሹራብ ለብሳ፣ መዝገቧን ዘርግታ፣
«ሦስት መቶ አራት ጠብቋል?»
«ጠብቋል፣ ዶክተር።»
ሰላምታችን ያ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመት፤
ወግ የለም፣ ቀልድ የለም፣ የሰው የለም ሐሜት።

ለተማሪዎቿ ስትነግር ሰምቻለሁ፤
ሁሉም ባይገባኝም የገባኝን ይዣለሁ፦
ወጣት ጋላክሲ ሰማያዊ ነው፤ ጋዙን ያነድዳል፣
ነገን ሳያስብ ኮከብ በኮከብ ላይ ይወልዳል።
ጋዙ ሲያልቅ ይቀላል፤ እንደ ዳፍንት ፍም
ቢያራግቡት እንኳ ተመልሶ አይፋፋም።
ቀይ ማለት ሽማግሌ። ሰባት ዓመት ቆጥራ፣
ሦስት ሺህ አረጋዊ በመዝገብ አስፍራ፣
ከሳንቲያጎ እስከ ቦን በዚያ ቃል ተከብራ።

አንድ ሰኔ፣ በብርድ፣ አዲስ መሣሪያ መጣ፣
ዓይን የማያየውን ሙቀት የሚያወጣ።
ሽማግሌ ካለቻቸው ከሦስቱ አንዱ
ሽማግሌ አይደለም፤ ከአቧራ ሥር ሲነዱ፣
ኮከብ ሲፈለፍሉ ነው፣ ሌት ተቀን ሲወልዱ።
ያቀላቸው ዕድሜ ሳይሆን አቧራ ነው።

ያን ዕለት ስትመጣ ስለ ሦስት መቶ አራት አልጠየቀችም።
ከሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሹራቧን አላወለቀችም።
«አባቴ» አለችኝ፣ «መዳብ ቆፋሪ ነበር፣
ከካላማ ወዲያ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሬት ሥር።
ገና በአርባ አራቱ ጠጉሩ ነጣ፣ ጎበጠ፤
ከአልጋ እስከ መስኮት ሲሄድ ሁለቴ ተቀመጠ።
‹ቶሎ አረጀ› አለ ሰፈሩ። እኔም አልኩ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።
ሐኪሙ ራጁን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ያዘው፤
ሳንባው ላይ ነጠብጣብ፣ ኮከብ የተዘራበት መሰለኝ፣
አምሮኝ ልነካው እጄን ስዘረጋ እናቴ መታችኝ።
‹ዕድሜ አይደለም› አለ ሐኪሙ፣
‹አቧራ ነው።›

ይህን እያወቅሁ፣ ኢላሪዮ! ሰባት ዓመት!»

ምን ይባላል? እኔ ክር ሰካኪ ነኝ።
አንድ እፍኝ ክር ሰጠኋት። አብራኝ ስትሰካ አመሸች፤
አሥራ አራትን ከአርባ አንድ ቀዳዳ ከተተች።
ስትወጣ ጠብቄ ነቅዬ አስተካከልኩት።

አራት ገጽ ጻፈች፤ የመጀመሪያው ቃል «ተሳስቻለሁ»።
(ቆርጬ ከመሰርሰሪያዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ።)
አንዱ የቦን ፕሮፌሰር «ራሷን ቀበረች» አለ፤
ሥራዋ ግን ከዚያ ወዲያ ነው የበሰለ።
ሦስት ሺሁን መዝገብ ከአንድ ጀምራ፣
«አንተስ ማነህ?» እያለች፣ እያንዳንዱን መርምራ፣
ስትጨርስ ጡረታዋ ደረሰ። አሁን ኮኪምቦ ናት፤
ዓሣ ነጋዴዎቹ ሚዛን አይሰርቋትም፣ ይፈሯታል አሉ።

የኔንም ጣት ሮቦት ተካው። በሦስት ደቂቃ ይሰካል፣
አሥራ አራትን ከአርባ አንድ ለይቶ ያውቃል።
ዘንድሮ ስልሳ ሦስት ሞላኝ። ገበያ ላይ የሚያገኘኝ
«ኢላሪዮ፣ አረጀህ እኮ!» ሲለኝ
መልስ አልሰጥም፤
ቤቴ ገብቼ፣ መጀመሪያ ፊቴን እታጠባለሁ።